ከወንዙ ማዶ የቀረው ድግስ

የመጀመሪያ ልጄ ሰማንያ ቀኗ ሲቃረብ ባለቤቴ ክርስትናዋ በአባቱ ደብር ካልሆነ ብሎ ቆረጠ። የምንኖረው ፍኖተ ሰላም ነበር፤ እሱ አስተማሪ፣ እኔ ልብስ ሰፊ። የአባቱ አገር ደግሞ ከቡሬ በላይ፣ መኪና የማይደርስበት ደጋ ነው። እናቱ ጠላ ጠምቀው፣ ዘመድ ጠርተው እንደሚጠብቁን በገበያ ሰው ልከውብናል።

አባቴ በወጣትነቱ በበቅሎ እየጫነ ያንን አገር የዞረ ነጋዴ ነበር። የጉዞአችንን ነገር ሲሰማ ሊከለክለን አልሞከረም። ብቻ አጠገቤ ቁጭ አለና፣ «ልጄ፣ ተራራ ላይ ሰው የሚጎዳው ሲቸኩል ነው» አለኝ። «ሰማዩ ሲያጉረመርም ከብቸኛ ዛፍ ሥር አትጠለሉ። የደፈረሰ ወንዝ ካገኛችሁም ያገሬው ሰው ሲገባበት ሳታዩ አትግቡ።»

እስከ ቡሬ በጭነት መኪና ሄድን። አድረን በማለዳ በእግር ተነሣን። ባለቤቴ ከዘመቻ ያመጣውን የሸራ ሻንጣ በጀርባው አዘለ፤ የልጅቷን ነጭ ቀሚስ፣ መቀየሪያ ልብስና በሶ በላስቲክ ጠቅልዬ ከትቼበታለሁ። እኔ ልጄን በአንቀልባ አዘልኳት።

የደርግ ጊዜ ስለነበር ያለ ይለፍ ከአገር አገር መሄድ አይቻልም። አቀበቱ ሥር አንድ የገበሬ ማኅበር ጥበቃ ጠመንጃውን እንዳነገተ አስቆመን። ወረቀታችንን ገልብጦ ገላልጦ አየና ሻንጣውን አስፈታን። ላስቲኩን ሲገልጠው ያቺ ትንሽ ቀሚስ ብቅ አለች። እጁን ሱሪው ላይ ጠርጎ መልሶ አጠፋት።

«ክርስትና ነው?» አለ።

«ነገ ሰማንያዋ ነው» አልኩት።

«እንኳን ለዚህ አበቃችሁ። ላይኛው አገር ግን ከትናንት ጀምሮ እየጣለበት ነው። ወንዙን ተጠንቀቁ።»

ወሩ ግንቦት ነበር፤ ዝናቡ በዚያ ዓመት ቀድሞ ገብቷል። ከቀትር በኋላ ጉም መጥቶ መንገዱን ሸፈነው፤ ቀጥሎም ሰማዩ እያጉረመረመ በረዶ ይወርድ ጀመር። ገላጣው ሜዳ መሃል አንድ ትልቅ ዋርካ ነበር፤ ባለቤቴ ወደዚያ ሲያመራ ጋቢውን ይዤ ጎተትኩት። ዝቅ ካለው ቁጥቋጦ ጥግ ተቀምጠን፣ እሱ ጋቢውን ከላያችን ዘርግቶ፣ እኔ ልጄን እያጠባሁ አባራ። ልጅቷ ከሁላችንም የተሻለች ነበረች፤ ተኝታለች።

ወንዙ ጋ ስንደርስ የሚሰማው ድምፁ ብቻ ነው። ቀይ ሆኗል፤ ግንድና ቅጠል ይዞ ይወርዳል። ከማዶ ያለው ዳገት የባለቤቴ አገር ነው።

«ወገቤም አይደርስ» አለ ሱሪውን እየጠቀለለ። «ልጅ ሆኜ ስንቴ ተሻግሬዋለሁ።»

«እኔ አልሻገርም።»

«እናቴ ምን ትላለች? ነገ እኮ ነው።»

«እናትህ የሚፈልጉት አንተንና የልጅ ልጃቸውን ነው። ድግሱ ይቅር።»

እርጥብ ድንጋይ ላይ ቁጭ አልኩ። እሱ ጥልቀቱን ሊለካ ረጅም ዱላውን ወደ ውሃው ሰደደ። ወንዙ ዱላውን ከእጁ ነጠቀውና ይዞት ሄደ። ባለቤቴ ባዶ እጁን ትንሽ አየት አደረገ፤ መጥቶ አጠገቤ ተቀመጠ።

ከጀርባችን ሴት ስትጣራ ሰማን። ከወንዙ ከፍ ብላ ካለች ቤት ደጃፍ ላይ አንዲት ጠና ያሉ ሴት ቆመዋል። «ኧረ ልጅ ይዛችሁ ከዚያ ተነሡ፤ ወደ ቤት ግቡ» አሉን።

እሳቸውና ባላቸው የአዊ ሰዎች ናቸው። እርስ በርሳቸው በአዊኛ ይነጋገራሉ፤ ለእኛ ደግሞ በአማርኛ። ሴትዮዋ እሳት አንድደው ልጄን ከጀርባዬ ተቀበሉኝ። እርጥቡን ገፈው በራሳቸው መቀነት ጠቀለሏትና ከጉያቸው አላወርድ አሉ።

«እኔ ወንድ ብቻ ነው የወለድኩት» አሉኝ። «ሴት ልጅ እንዲህ ቀላል ናት እንዴ?»

የመጣንበትን ነገርናቸው። «የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላል» አሉ ባላቸው። «እዚህም ቤተ ክርስቲያን አለ፤ እዚህም ቄስ አለ።» ባለቤቴን ግን ያለ አባቱ ፈቃድ እሺ ለማለት ከበደው።

ጎህ ሲቀድ ከወንዙ ወዲያ ጩኸት ሰማን። ሳንደርስ ስንቀር ሌሊቱን በሐሳብ ያደሩት የባለቤቴ አባትና ወንድሞቹ በቅሎ ይዘው ከማዶ ቆመዋል። ውሃው ገና አልጎደለም። ባለቤቴ እየሮጠ ወረደ፤ እኔም ተከትዬ ልጄን በሁለት እጄ ከፍ አድርጌ አሳየኋቸው። አማቴ ባርኔጣቸውን አወለቁ።

«ደኅና ናችሁ?»

«ደኅና ነን! አባባ፣ ሰማንያዋ ዛሬ ነው፤ ምን እናድርግ?»

ሽማግሌው ወንዙን አዩ፤ እኛንም አዩ። «እዛው ክርስትና ትነሣ! እግዜር በዚያም በዚህም ያው ነው። እንዳትሻገሩ!»

የባለቤቴ ፊት ሲፈታ እስከ ዛሬ ይታየኛል።

በዚያው ማለዳ ልጄ ክርስትና ተነሣች። የክርስትና እናቷ አስጠግተው ያሳደሩን ሴትዮ ሆኑ። እኔም ከወለድኩ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ቤተ ክርስቲያን ገባሁ፤ እግሬ እርጥብ፣ ቀሚሴ ጭቃ፣ ልቤ ግን ሙሉ ነበር።

ወንዙ የጎደለው በማግሥቱ ነው። የአገሩ ሰዎች ቀድመው ሲገቡበት አየን፤ ከዚያ እጅ ለእጅ ተያይዘን ተከተልናቸው። የክርስትና እናቷም «ልጄን ለሰው አልሰጥም» ብለው ራሳቸው አዝለዋት ተሻገሩ። አማቴ ቤት ስንደርስ ድግሱን እንግዶች ጨርሰውት፣ የቀረው የጠላ አተላና ጥቂት ዳቦ ነበር። የባለቤቴ እናት እየሮጡ ወጡ። ልጅቷን ይቀበላሉ ስል፣ መጀመሪያ ያዘሏትን ሴትዮ አቅፈው ሳሙ፤ ከዚያ ሁለቱም ልጅቷን መሃላቸው አድርገው ደጃፉ ላይ ቁጭ አሉ።