ወደ ውጭ የሄደው ጋቢ

ክለቡ ውስጥ የገባሁት ለማኪያቶው ነው። አልዋሽም። አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሼ ቤት ቁጭ ባልኩበት ሰሞን አንዲት የሰፈር ልጅ «ቅዳሜ ቅዳሜ ሆቴል ውስጥ ይሰበሰባሉ፣ ችግረኛ ይረዳሉ፣ ማኪያቶ በነጻ ነው» አለችኝ። ሄድኩ። ሊቀ መንበራችን ፋርማሲስት ነው። ትንሽ ደወል ይመታል፣ ሁሉም ይቀመጣል። ወሬው በትግርኛ ይጀመርና ከሌላ ክልል የመጡት የዩኒቨርሲቲ መምህር ሲገቡ ወደ አማርኛ ይዞራል። ከእህት ክለቡ እንግዳ ካለ ደግሞ እንግሊዝኛ ይሆናል። እኔ ሦስቱንም ሳላፍር እየቀላቀልኩ ስለማወራ አስተርጓሚ አደረጉኝ።

እህት ክለብ የምንለው ባሕር ማዶ ያለውን ነው። እነሱ ዊልቸር ይልካሉ፣ መነጽር ይልካሉ። እኛ እናድላለን፣ ፎቶ እናነሳለን፣ ፎቶውን እንልካለን። ዕቃ ይመጣል፣ ፎቶ ይሄዳል። በቃ ሥራው ይኼ ነው።

ከዊልቸሮቹ አንዱ ሰሜን ክፍለ ከተማ፣ እኛ ግቢ፣ ከበራችን ፊት ለፊት ለምትኖረው ሴትዮ ደርሷል። እግሯ የተጎዳው በጦርነቱ ነው፤ ከዚያ በላይ አታወራም፣ እኔም አልጠይቃትም። ሁላችንም አደይ ነው የምንላት፣ እናቴ እንደማለት። ወንበሩን ያስረከበቻት ፈረንጅ እጇን ይዛ የተነሳችው ፎቶ አደይ ቤት ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል። ፈረንጇ ትስቃለች። አደይ አትስቅም።

«ለምን አልሳቅሽም?» አልኳት አንድ ቀን።

«እጄን እዪው እስቲ፣ ባዶ ነው። ባዶ እጅ ይዤ ምን ያስቀኛል?»

ዘንድሮ ያቺው ፈረንጅ ያሠራነውን የውሃ ቦኖ ልትጎበኝ ተመልሳ መጣች። ስብሰባው ላይ ስልኳን እያዞረች አሳየችን፤ የከተማዋ ወንዝ ሞልቶ ቤቷ ገብቷል። ሶፋው ጭቃ ለብሷል፣ ፍራሹ ውጭ ወድቋል። ከንፈራችንን መጠጥን። ማታ ለአደይ እንደ ወሬ ነገርኳት።

«ታዲያ ምን ለብሳ ትተኛለች?» አለች።

«አደይ፣ ፈረንጅ እኮ ናት። ኢንሹራንስ አላት።»

«ኢንሹራንስ ይለበሳል?»

አልጋ ሥር ያለውን ፌስታል እንዳወጣ አዘዘችኝ። አዲስ ጋቢ ነው። ጥጡን ራሷ እዚያ ወንበር ላይ ቁጭ ብላ ስትፈትለው አይቻለሁ፤ የድሮው ጋቢዋ ስላለቀ ለብርዱ ወራት ያሠራችው ነው።

«ለእሷ ስጪልኝ። በሊ፣ በይ እንጂ።»

«አንቺስ ምን ልትለብሺ?»

«ጓለይ፣ ልጄ፣ ከእጇ ወንበር ወስጃለሁ። እሷን ጎርፍ ሲመታት ዝም ልበል? እስክሞት ተቀባይ ብቻ ልሁን? እኔ ሰው አይደለሁም?»

ፌስታሉን አነሳሁ። 

ጋቢውን ይዤ ለክለቡ ሰዎች ነገርኳቸው። ሊቀ መንበሩ ዳሰሰው፣ አሸተተው፣ አጠፈው። «ግሩም ጋቢ ነው» አለ። «ግን ትምህርት ቤቱ ውስጥ የተጠለሉትን ተፈናቃዮች አይተሻቸዋል። ሲሚንቶ ላይ የሚተኙ ልጆች አሉ። ለእነሱ እንስጠውና አደይን ለፈረንጇ ሄዷል በያት። ምን ትጎዳለች?»

መምህሩ መነጽራቸውን አወለቁ። «ዓለም አቀፍ ነን እንላለን። ዓለም አቀፍ ማለት ከዚያ ወደዚህ ብቻ ነው እንዴ?»

«መምህር፣ ይኼ የብርድ ጉዳይ እንጂ የፍልስፍና አይደለም» አለ ሊቀ መንበሩ።

ሰው ሳቀ። እኔ ተናደድኩ፣ ግን በማን እንደተናደድኩ አላወቅኩም። ሲሚንቶው ላይ የሚተኙትን ልጆች አይቻቸዋለሁ፤ እናታቸው ነጠላዋን አውልቃ ሦስቱን ስትሸፍን እግራቸው ውጭ ይቀራል። ሊቀ መንበሩ ትክክል ነው። አደይም ትክክል ናት። ሁለት ትክክል ሰዎች አንድ ጋቢ ላይ ሲጣሉ ምን ይባላል? ትምህርት ቤት ይኼን አላስተማሩኝም።

ለማንኛውም ጋቢውን አልሰጠሁትም።

ፈረንጇ የምትሄድ ዕለት በሊቀ መንበሩ መኪና ወደ አውሮፕላን ማረፊያው ሸኘናት። ፌስታሉን ከኋላ ወንበር እግሬ ሥር ደብቄዋለሁ። በሩ ላይ ስንደርስ አውጥቼ ከማን እንደሆነ ነገርኳት። እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ ራሷን ነቀነቀች። አልችልም፣ ይኼ የሚያስፈልገው ለእሷ ነው አለች።

«አንቺ ስትሰጪያት እሷ አልችልም አላለችም» አልኩ በዚያች በተሰባበረች እንግሊዝኛዬ። ሊቀ መንበሩ እንድተወው ጉሮሮውን ጠረገ። ፈረንጇ ፊቷ ቀላ። ጋቢውን ተቀበለችኝ። ሻንጣዋ ጢም ብሎ ስለነበር እንደመጣላት ትከሻዋ ላይ ጣለችው፤ ጥለቱ ዞሮ አንገቷ ሥር መጣ።

«ወይ ጉድ! ለቅሶ ደራሽ መሰለች እኮ» አለ ሊቀ መንበሩ በትግርኛ።

እውነቱን ነው። እኛ ዘንድ ሐዘን ላይ ያለ ሰው ነው ጥለቱን ወደ አንገቱ የሚያዞረው። ላስተካክልላት እጄን ስዘረጋ ላቅፋት የመጣሁ መስሏት ጥብቅ አድርጋ አቀፈችኝ። እንደዚያው ሆና ገባች።

ሊቀ መንበሩ ይቆጣኛል ብዬ ነበር። መንገድ ላይ «ለልጆቹ እናት ምን እንበላት?» ብቻ አለኝ።  ዛሬም መልስ የለኝም።

አደይ በሯ ላይ ትጠብቀኝ ነበር።

«ተቀበለችሽ?»

«ተቀበለች። ለብሳው ነው የሄደችው።»

ፊቷ ሲበራ አየሁ። «እንዴት አድርጋ ለበሰችው? አሳዪኝ እስቲ።»

እኔ ቂል፣ ነጠላዬን አውልቄ ልክ እንደፈረንጇ አደረግኩት። የአደይ ፊት ጠቆረ።

«ማን ሞተባት?»

«ማንም! አታውቅም እኮ አደይ፣ ዝም ብላ ነው የጣለችው።»

«ጎርፍ ቤት ገብቶ ሰው ሳይወስድ ይወጣል?» አለች። «ጠይቂያት።»

ጠየቅኳት። ፈረንጇ ቤቷ ስትደርስ መልስ ላከች፤ ሁሉም ደህና ነው፣ ማንም አልሞተም፣ ጋቢው በጣም ይሞቃል። ለአደይ አነበብኩላት።

«መርዶ በስልክ ይነገራል እንዴ?» አለችኝ። «እኛስ ስንት ጊዜ ደህና ነው፣ ደህና ነው እየተባልን ከረምን?»

 እኛ ግቢ ውስጥ በጦርነቱ ጊዜ ደህና ነው እየተባለ ከርሞ በኋላ መርዶ የተረዳ ሰው አንድ ብቻ አይደለም።

በማግስቱ ጠዋት ስወጣ አደይ ነጠላዋን ወደ አንገቷ አዙራ ግቢው መሃል ተቀምጣለች። አግዳሚ ወንበር ወጥቷል። ጎረቤቶች ግራና ቀኝ ተቀምጠው ያለቅሳሉ። ከልባቸው ያለቅሳሉ። ፈረንጇን አንዳቸውም አያውቋትም። አጠገቧ ያለችው ሴትዮ የራሷን ልጅ ስም ነው የምትጠራው። ማንም አልሞተም ብዬ ልጮህ አፌን ከፈትኩና መልሼ ዘጋሁት፤ ለዚያች ሴትዮ ምኑን ነው የማስረዳት?

ወጥቼ ለሊቀ መንበሩ ደወልኩ። «ና ንገራት፤ አንተን ታምንሃለች» አልኩት። ነጭ ጋዋኑን እንኳ ሳያወልቅ ከፋርማሲው መጣ። በሩ ላይ ሆኜ ሁሉንም ነገርኩት። ገብቶ አደይ ፊት ቆመ። ሲናገር ጠበቅኩ። ጎረቤቶቹን አየ፣ የልጇን ስም የምትጠራውን ሴትዮ አየ፣ ከዚያ ጎንበስ አለ።

«እግዚአብሔር ያጽናሽ።»

ዐይኔን አፈጠጥኩበት። አላየኝም።

«አሜን» አለች አደይ፣ የጋዋኑን እጅጌ ይዛ። «ለእሷ ንገርልኝ። ቀብሩ ላይ ባልደርስም ጋቢዬ ደርሷል በላት።»

«እላታለሁ» አለና አግዳሚው ላይ ተቀመጠ። እኔን ደግሞ «ምን ትገተሪያለሽ?» ብሎ ጠጋ አለልኝ።