የክንፈ የብዕር ስም

ክንፈ ሪያድ ውስጥ አሥራ አራት ዓመት የሰው ቤት ሹፌር ሆኖ ኖሯል። ከዚያ በፊት አዲስ አበባ የቀልድ መጽሔት ላይ ይጽፍ እንደነበር ግን ከባለቤቴና ከእኔ በቀር የሚያውቅ አልነበረም። የሚጽፈው በብዕር ስም ነበር፤ የዚያን ጊዜ ቀልደኞች ብዙዎቹ እንዲያ ነበሩ። ሲሰደድ አሥራ ሁለት መጽሔት በሻንጣው ይዞ መጣ። እኔ ብሆን ልብስ እይዝበት ነበር።

ዓርብ ዓርብ ጀራዲያ ሰፈር ያለችው ቤታችን ይመጣል። ምሳ ከተበላ በኋላ አንዱን ከፌስታል አውጥቶ ያነብልናል። ወረቀቱ ቢጫ ሆኗል፣ ሽቦው ዝጓል። ስለ ኮልታፋው፣ ስለ ባላገሩ፣ ስለ ወፍራሟ ሚስት እንስቃለን፤ ከዚያ ደግሞ በመሳቃችን እናፍራለን። ያኔ የሚሳቅባቸው ሰዎች አጠገባችን አልነበሩማ! እሱም አንዷን ሁልጊዜ "ይቺ ትቅርባችሁ" ብሎ ይዘላል። እኔን የሚያንገበግበኝ የዘለላት ናት።

በፈረንጆቹ 2017 የምሕረት አዋጅ ወጣና ኢቃማ፣ የመኖሪያ ፈቃድ፣ የሌለው ሁሉ ሳይቀጣ አገሩ ይግባ ተባለ። ጽጌም ልትገባ ቆረጠች። ከአሠሪዋ ቤት ጠፍታ ስምንት ዓመት በየሰዉ ቤት እየዞረች ስታጸዳ የኖረች፣ ለእኔ እንደ እህት የሆነች፣ ከዓርቡ ንባብም የማትቀር ልጅ ናት። ክንፈ ይወዳታል። አብሯት ሊገባ እያሰበ እንደሆነ ለባለቤቴ ነግሮታል፤ ለእሷ ግን ትንፍሽ አላለም።

ለመሄድ ስትዘጋጅ በአንዱ ዓርብ ጽጌ "ወንድሜ፣ የምትዘላትን አንብብልኝ። ስቄ ልግባ" አለችው።

"ተይ ጽጌ፣ አታስቅም።"

እኔ ቀልቃላዋ መጽሔቱን ነጥቄ ገጿን ፈልጌ እጁ ላይ አስቀመጥኩለት። "ያላ፣ አንብብ!"

አነበበ። ከዓረብ አገር የተመለሰች ልጅ ሦስት ቀሚስ ደራርባ ቦሌ ትወርዳለች። እናቷ ስትስማት በዓረብኛ ትመልሳለች። እናትየው ግራ ቢገባት "ሻንጣውስ መጣ፤ ልጄን የት ጣልሻት?" ትላለች።

ማንም አልሳቀም። ጽጌ ኪሎ እንዳይበዛባት ቀሚሶቿን ደርባ ልትሄድ አስባ ነበር።

"ማነው የጻፋት?" አለች።

"እኔ እንጃ። የብዕር ስም ነው ያለው።"

አፈጠጥኩበት። ቀና ብሎ አላየኝም። ጽጌ ተነስታ ሻንጣዋን ፈታችና ከቀሚሶቿ ግማሹን ለእኔ ሰጠችኝ። "ኸላስ፣ በቃ፣ እናቴ የምትጠብቀው ቀሚስ አይደለም" አለች። በእሱም በራሴም ተናደድኩ።

ከአሥራ አንድ ቀን በኋላ ክንፈ በአሠሪዎቹ መኪና ወደ አየር ማረፊያ ወሰደን። ሻንጣዋን አውርዶ ከሰጣት በኋላ ነው አፉ የተፈታው።

"ጽጌ፣ ያቺን ቀልድ የጻፍኳት እኔ ነኝ። ልጅ ነበርኩ። ዓረብ አገር ምን እንደሆነ አላውቅም ነበር። ይቅር በይኝ።"

"አውቃለሁ" አለችው። "ስታነባት እኮ ዓይንህ ወረቀቱ ላይ አልነበረም። በቃልህ ነው ያልካት።"

"ታዲያ ለምን ዝም አልሽኝ?"

"ትነግረኛለህ ብዬ። አሥራ አንድ ቀን ጠበቅኩህ ክንፈ። በማግስቱ እንኳ ብትነግረኝ ስቄ አልፋት ነበር፤ አብረኸኝ ግባም እልህ ነበር።"

እኔን አቅፋ ሳመችኝ፤ እሱን ጨበጠችውና ገባች። ክንፈ መሪው ላይ ተደፍቶ አለቀሰ። እኔም አላባበልኩትም።