የአንድ ሰዓት ከአስር መንገድ

ካዛንቺስ ቢሮዬ ቁጭ ብዬ ሳለሁ ታላቅ ወንድሜ ከጎንደር ደወለልኝ። «አባባ ትንሽ አሟቸዋል፤ ነይ። ትኬት ቆርጬልሻለሁ፣ የዛሬ ስምንት ሰዓት በረራ ነው» አለኝ።

እኛ ዘንድ ሞት በስልክ አይነገርም። «ትንሽ አሟቸዋል» ተብሎ ሰው ይጠራል፤ መርዶውን የሚሰማው ቤት ገብቶ፣ ዘመድ ከቦት ነው። ትኬቱ ተቆርጦ ከጠበቀ ደግሞ የሚያጠራጥር ነገር የለውም።

«በሕይወት አሉ?» አልኩት።

«አሉ እንጂ! ምን ነካሽ?»

«እስቲ አገናኘኝ።»

«አሁን ተኝተዋል።»

በቃ፣ አባቴ ሞተዋል አልኩ።

አለቃዬ ጋ ገባሁ። ለግማሽ ቀን ፈቃድ እንኳ ሦስት ጊዜ የሚያመላልስ ሰው፣ ገና አፌን ሳልከፍት «ሂጂ፣ ሂጂ» አለኝ። ለእሱም ነግረውታል ማለት ነው አልኩ። ፊቴን አይቶ ደንግጦ ሊሆን እንደሚችል ያሰብኩት ከስንት ቀን በኋላ ነው።

ባምቢስ አካባቢ ካለው ቤቴ ገብቼ ጥቁር ቀሚስ ለበስኩ፣ ነጠላ ደረብኩ። ታክሲ ውስጥ ሆኜ ከአዲስ አበባ ጎንደር ስንት ሰዓት እንደሚፈጅ ስልኬ ላይ ፈለግሁ። በመኪና ሰባት መቶ ምናምን ኪሎ ሜትር፣ በአውሮፕላን አንድ ሰዓት ከአስር ደቂቃ ገደማ ይላል። አፈርኩ። አባቴ «መቼ ነው የምትመጪው?» ባሉኝ ቁጥር ሦስት ዓመት ሙሉ «መንገዱ ሩቅ ነው፣ አባባ፤ ሥራም በዛብኝ» ስላቸው ነው የኖርኩት። መንገድ ሲዘጋጋ እኮ ከካዛንቺስ ቦሌ ለመድረስም ከዚያ የማያንስ ጊዜ ፈጅቶብኝ ያውቃል።

አውሮፕላኑ ውስጥ ሰዓቴን አሥሬ አያለሁ። ሰው ሁሉ ቶሎ መድረስ ይፈልጋል፤ እኔ እንዳንደርስ እጸልያለሁ። እስካልደረስኩ ድረስ ማንም አባትሽ ሞተዋል አይለኝም። ልናርፍ ነው ሲባል ነጠላዬን ዘቀዘቅኩ። ዘመዶቼ እንዴት እንንገራት ብለው ከሚጨነቁ ሐዘኔን ለብሼ ልግባላቸው ብዬ ነው።

ከባጃጅ ስወርድ ደጃችን ላይ ድንኳን የለም። አስከሬኑ ገና ከሆስፒታል አልወጣ ይሆናል አልኩና በሩን ገፋሁት።

አባቴ አልጋቸው ላይ ትራስ ተደግፈው አጥሚት ይጠጣሉ። አጠገባቸው የተቀመጠው ወንድሜ ነጠላዬን ሲያይ ብድግ አለ።

«ማን ሞተ?»

አባቴ ግን ወዲያው ገባቸው፤ ዕድሜ ልካቸውን አስተማሪ ነበሩ፣ የልጅ ስህተት አያመልጣቸውም። ኩባያውን ለወንድሜ ሰጥተው «ነይ» አሉኝ። ጎንበስ ስል ነጠላውን ከትከሻዬ አንስተው፣ ገልብጠው፣ መልሰው አለበሱኝ። እግራቸው ላይ ተደፍቼ አለቀስኩ።

ትንሽ ሲበርድልኝ «መንገዱ ስንት ሰዓት ፈጀብሽ?» አሉኝ።

«አንድ ሰዓት ከአስር።»

አጥሚታቸውን ተቀብለው አንዴ ፉት አሉ።

«ይህን ያህል ቅርብ ከሆነ፣ ልጄ፣ እስክሞት ድረስ ምን አስጠበቀሽ?»