የናት ዘሩ ይውጣ

አባቴ የሰንሰለት ድምፅ አይወድም ነበር። ቢቸና ስንወርድ እስረኞች ተቆራኝተው ውሃ ሲቀዱ ካየ ከመንገድ ይወርድና ፊቱን ወደ አጥር ያዞራል። «ምነው አባባ?» ስለው «ዝም ብለህ ሂድ!» ይለኛል። በቃ፣ ሌላ ነገር የለም።

ቤታችን ሞጣ ነበር። ሞጣ ጤና ጣቢያ ደግሞ ካዲግራት በኩል ተመድቦ የመጣ ድሬሰር ነበረ፤ ካቶሊክ ነው። ደግ ሰው፣ ቁስል ሲያጥብ እጁ አያሳምም። አንድ አመል ነበረበት፦ ሽማግሌ ባገኘ ቁጥር ስለ አንድ መነኩሴ ይጠይቃል። መነኩሴው የኛው አገር ሰው ነው፣ ከመርጡለ ማርያም በኩል። በድሮው ዘመን ካቶሊክ ሆነ፤ ተው ቢሉት እምቢ አለ፤ በሰንሰለት ታስሮ ከንጉሥ ጦር ኋላ ሲጎተት መንገድ ላይ ሞተ። እነሱ ብፁዕ ሰማዕት ይሉታል። እኛ ዘንድ ስሙን የሚያነሳ አልነበረም። መቃብሩም አይታወቅ።

«ዘመዶቹ እዚህ አይጠፉም፤ እርስዎ አያውቁም?» አለው አባቴን፣ እግሩን እያከመው።

«እኔ የማውቀው ቁስሌን ነው። እሱን እይልኝ!»

በዚያው ክረምት ድሬሰሩን ተስቦ ገደለው። ቄሱ «የንስሐ አባት የሌለውን በምን አፌ ልፍታው?» አሉ። ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ውጭ ተቆፈረለት። የመገነዣውን አቡጀዲ እስላም ነጋዴ ጎረቤቱ አመጣ።

ጭንቁ ለቅሶው ላይ መጣ። በኛ አገር አልቃሽ የሟቹን ዘር እየጠራች ነው የምታለቅስ፤ የተጠራው ዘመድ ተነስቶ ደረቱን ይመታል። ለዚህ ማንን ትጥራ? የሱ ሰው ሩቅ ነው። ሳይለቀስለት ሊገባ ሆነ።

«ምነው፣ እንደ ውሻ ልንጥለው ነው?» አለች አልቃሿ። ድምፅዋን አወጣች፦

በሰንሰለት ሄዶ፣ ሳይገባ ካገሩ፣
ዛሬ ገና ደርሷል፣ ይውጣ የናት ዘሩ!

 የመነኩሴውን ዘር እንደምትጠራ ያልገባው የለም፤ ድሬሰሩ ያልጠየቀው ሽማግሌ የለማ።

«ተይ አንቺ ሴት!» አሉ ቄሱ።

ደገመችው። ማንም አልተነሳ። ያን ጊዜ አጠገቤ ያለው ጋቢ ተንቀሳቀሰ። አባቴ ነው። ወደ ጉድጓዱ አፍ ሄዶ ደረቱን መታ።

«የናቴ ወገን ነው! የኔ ነው!» አለ። እንደዚያ ሲያለቅስ አይቼው አላውቅም። የቱን እንደሚያለቅስ ግን፣ ድሬሰሩን ይሁን ያኛውን፣ እስከ ዛሬ አልለየሁትም።

ከዚያ ወዲህ ሰው «የሰንሰለቱ ዘር» ይለን ጀመር። አባቴ «አዎ፣ ነን» ይላል። ቢቸና ስንወርድም እስረኞቹ ሲመጡ ከመንገድ አልወረደም። እስኪያልፉ ቆሞ እጅ ነሳቸው።

አሁን ቢቸና ነው የምኖር። በዚያ መንገድ እስረኛ ካየሁ ስንት ዘመኔ። የሰንሰለቱ ድምፅ ግን ይመጣል፤ ቀን በፀሐይ፣ ከኋላዬ፣ ሲጎተት። ዞር ስል ሰው የለም። ሚስቴ «ጆሮህ ነው» ትላለች። ይሁን። ከመንገድ ግን አልወርድም። እስኪያልፍ እቆማለሁ።