አባቴ ብቻ ያከበሩት መመሪያ

በከተማችን ብስክሌት እንዴት እንደሚነዳና የት እንደሚቆም የሚደነግገውን መመሪያ የጻፍሁት እኔ ነኝ። ዐሥራ አንድ ገጽ ነው። ደወል ይኑረው ይላል፤ ከፊት መብራት፣ ከኋላ አንጸባራቂ ይኑረው ይላል፤ ሁለት ሰው አይፈናጠጥበት ይላል፤ ከተፈቀደለት ቦታ ውጭ አይቁም ይላል። ከዚህ ሁሉ ሕዝብ መካከል ያከበረው አንድ ሰው ብቻ ነው። እሳቸውም አባቴ ናቸው፤ ማክበራቸውም እግራቸውን አሳጥቷቸዋል።

አባቴ ዕድሜያቸውን የጨረሱት በፍርድ ቤት መጥሪያ አድራሽነት ነው። ከሮብ ገበያ መንገድ እስከ ደምበጫ መውጫ ባለው ሰፈር ሁሉ በብስክሌት እየዞሩ፣ «ቀርበህ መልስ ስጥ» የሚል ወረቀት ሲያድሉ ኖረዋል። ውሻ ነክሷቸዋል፣ ተከሳሽ በዱላ አባሯቸዋል፤ ወረቀቱን ሳያስፈርሙ የተመለሱበት ቀን ግን የለም። ከዚህ የተነሣ ለተጻፈ ነገር ያላቸው አክብሮት ሌላ ነው። የውኃ ደረሰኝ እንኳ ሲመጣ መጀመሪያ የሚያዩት ማኅተሙን ነው። ወደ መስኮት አስጠግተው፣ አገላብጠው፣ ክቡ ሙሉ መሆኑን አረጋግጠው ነው ማንበብ የሚጀምሩት።

ጡረታ ሲወጡ ቀኝ ጉልበታቸው አልቆ ነበር። ሐኪሙ ብዙ ተናግሮ ነበር ይባላል፤ እኛ ቤት የቀረው ግን አንድ ነገር ነው፦ መሄድ አይችሉም፣ መንዳት ይችላሉ። መሬት ሲረግጥ የሚያስጮኻቸው ጉልበት ፔዳል ላይ ዝም ይላል። ስለዚህ ብስክሌቷ እግራቸው ሆነች። ለቅሶ የሚሄዱት ብስክሌት የሚደርስበት ከሆነ ነው፤ ሠርግማ ትተውታል። ቅዳሴ ግን አይቀሩም ነበር። እሑድ እሑድ ነጠላቸው ካቴናው ውስጥ እንዳይገባ ወገባቸው ላይ ሸብ አድርገው ይወጣሉ። ደጀ ሰላሙ ጋ ሳይደርሱ፣ እንደ ጥንቱ ባለበቅሎ፣ ትንሽ ራቅ ብለው ይወርዳሉ። ብስክሌቷን ከግንቡ አስጠግተው፣ በሩን ተሳልመው ይገባሉ። ከግንቡ እስከ ቅኔ ማኅሌቱ ያለችውን መንገድ በከዘራ ይወጧታል። ከዚያ በላይ አቅም አልነበራቸውም፤ ይህን እኔም አውቃለሁ፣ እናቴም ታውቃለች፣ ጎረቤቱም ያውቃል።

እኔ የምሠራው በአንድ የመንግሥት ጽሕፈት ቤት ነው። ቤንዚን በሰልፍ፣ ባጃጅም በልመና ከሆነ ወዲህ ተማሪውም ሠራተኛውም ወደ ብስክሌት ዞረ። ብስክሌት በየበሩ ተደገፈ፣ በየአስፋልቱ ዳር ተጋደመ። ኃላፊያችን «ይኼ ነገር መመሪያ ያስፈልገዋል» አለና ሥራውን ለእኔ ሰጠኝ። ደስ አለኝ፤ ለምን እዋሻለሁ። ዘጠኝ ዓመት የሌላ ሰው ደብዳቤ ሳስተካክል ኖሬ፣ ከራሴ ወጣ የምለው የመጀመሪያው ወረቀት ይህ ነበር። ብስክሌት ከበዛበትና ሜዳ ላይ ከተመሠረተ ሌላ ከተማ መመሪያ አስመጣሁና ስሙን እየቀየርሁ፣ አማርኛውን እያሳመርሁ ጻፍሁት። አንቀጽ ሰባት፣ «ማንኛውንም ብስክሌት በአምልኮ ቦታ፣ በገበያና በትምህርት ቤት መግቢያ ላይ ማቆም የተከለከለ ነው» ይላል። ለማቆሚያ የመረጥሁት ከመናኸሪያው አጥር ሥር ያለውን ባዶ ቦታ ነው። ከዚያ እስከ ቤተ ክርስቲያኑ ዳገት ነው። ከሜዳ ከተማ በመጣ ወረቀት ላይ ዳገት ከየት ይገኛል? ስጽፈው አባቴ አንድ ጊዜ እንኳ ትዝ አላሉኝም።

በኅዳር ሕዝቡን ለውይይት አዳራሽ ጠራነው። አባቴ ከሁሉ ቀድመው መጥተው ፊት ወንበር ላይ ተቀመጡ። በጡረታ ሲሸኙ የለበሱትን ኮት ለብሰዋል። ዐሥራ አንዱንም ገጽ በማይክራፎን አነበብሁ። ስጨርስ አንድ ቄስ እጃቸውን አወጡና፣ «ከገጠር ለመሳለም የሚመጣው ሽማግሌ ብስክሌቱን መናኸሪያ ጥሎ ያን ዳገት እንዴት ሊወጣው ነው?» ብለው ጠየቁ። ጥያቄው ልክ ነበር። ለእኔ ግን በሰው ፊት የተናቅሁ መሰለኝ። «አባታችን፣ በእግር መሄድ እኮ ለጤና ጥሩ ነው» አልሁ። አዳራሹ ሣቀ። አባቴም ሣቁ፤ ልጃቸው አዳራሽ አሥቃለችና ዞር እያሉ የሚሥቀውን ሰው እያዩ ሣቁ። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው። ያችን ቃል ብመልሳት ምን ያህል ደስ ባለኝ።

ቀጥለው እሳቸው ተነሡ። ጭራሽ እንደማያውቁኝ ሆነው፣ በሥርዓት፣ «ያላከበረውስ ምን ይደረጋል?» አሉ።

«ብስክሌቱ ይያዛል» አልሁ።

«ጥሩ ነው» ብለው ተቀመጡ። የምትደግፉ እጅ አውጡ ሲባል መጀመሪያ ያወጡት እሳቸው ናቸው።

በሳምንቱ እሑድ ቤተ ክርስቲያን ስደርስ ዐሥር የሚሆኑ ብስክሌቶች ከግንቡ ሥር ተደግፈዋል። የአባቴ ግን የለችም። አሟቸው ይሆን ብዬ ወደ መንገዱ ዞር ስል፣ ከታች በከዘራቸው እየተደገፉ ዳገቱን ሲወጡ አየኋቸው። ፊታቸው ላቦት በላቦት ሆኗል። ሮጬ ወርጄ ክንዳቸውን ያዝሁ።

«አባባ፣ ገና እኮ ነው፤ ማስከበር አልተጀመረም። ከግንቡ ሥር ያቁሟት፤ ማንም አይነካዎትም» አልኋቸው።

ቆሙና ትንፋሻቸውን ሰበሰቡ። «ለቀልድ ነው እንዴ የጻፍሽው?» አሉኝ።

ክንዳቸውን ይዤ አብሬ ወጣሁ። ስንመለስ መናኸሪያው አጥር ሥር ብስክሌቷን አየኋት። ደወል አስገጥመዋል፤ ከአሮጌ ባጃጅ የተፈታ ቀይ አንጸባራቂ ከኋላ አሳስረዋል። «የብስክሌት ማቆሚያ» የሚል ሰሌዳ አስቀብቼ ያስተከልሁበት ምሰሶ ላይ ነጋዴዎች በጎቻቸውን አስረዋል። ከበጎቹ መካከል የቆመች ብስክሌት የእሳቸው ብቻ ነበረች።

ከዚያ ወዲህ መቀለጃ ሆኑ። ብስክሌቱን ከግንቡ የሚያስደግፈው ሁሉ ዳገቱን ጨርሰው ሲደርሱ ጠብቆ፣ «የልጅዎ ሕግ እንዴት ሰነበተች?» ይላቸዋል። እሳቸውም፣ «ደኅና ናት። ለእናንተም ቀኗ ይመጣል» ይላሉ። ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁ ይባላል። የተናቅሁት እኔ ነበርሁ፤ የሚነቀነቁት ግን እሳቸው ናቸው።

በታኅሣሥ ኃላፊያችን ተዛወረ። በጥር የመጣው አዲሱ ኃላፊ መመሪያውን ቆሞ ገለጥ ገለጥ አደረገና፣ «ባጃጁን መልክ ሳናስይዝ ብስክሌት? እስኪ ይቆየን፣ እኅቴ» ብሎ መሳቢያው ውስጥ ከተተው። አልፈረመበትም። ማኅተም አላረፈበትም። በመሥሪያ ቤት «ይቆየን» ማለት «ተቀበረ» ማለት እንደሆነ ዘጠኝ ዓመት የሠራ ሰው አይጠፋውም። ስለዚህ ከጥር ጀምሮ ብስክሌትን ደጀ ሰላም ላይ ማቆም የሚከለክል ምንም ነገር አልነበረም። አባቴ የሚያከብሩት ሕግ አልተወለደም።

የዚያኑ ዕለት ከሥራ እንደወጣሁ ልነግራቸው ሄድሁ። በረንዳው ላይ ከአንድ ጎረቤት ጋር ተቀምጠው አንቀጽ ሰባትን በቃላቸው ሲሉለት ደረስሁ። አንዲት ቃል አልሳቱም። «በአምልኮ ቦታ፣ በገበያና በትምህርት ቤት መግቢያ…» ይላሉ ጣታቸውን እያጠፉ። ጎረቤታቸው፣ «ልጅቱ ነች ይኼን ሁሉ የጻፈችው?» አለ። «እሷ ነች» አሉ። ተቀምጬ ውኃ ጠጣሁና፣ የሥራ ነገር ተወርቶ፣ ሳልነግራቸው ወጣሁ።

በሚቀጥለው ሳምንት እነግራቸዋለሁ አልሁ። ዐቢይ ጾም ገባ፤ ከፋሲካ በኋላ አልሁ። ፋሲካ አለፈ፤ ክረምቱ ከመግባቱ በፊት አልሁ። ሰው ቢጠይቀኝ፣ ቅስማቸው እንዳይሰበር አዝኜላቸው ነው እል ነበር። ውሸት ነው። ዝም ያልሁት ለራሴ ነው። በዚህ ከተማ ውስጥ እኔን ትልቅ ሰው አድርጎ የሚያይ አንድ ሰው ነበረ፤ እሱን ላጣው አልፈለግሁም። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች የሚባለው ለእኔ የተባለ ነው። ከሁሉ የሚያንገበግበኝ ደግሞ፣ የውኃ ደረሰኝ ማኅተም አገላብጠው የሚያዩት ሰው የእኔን ወረቀት ማኅተም አለው ወይ ብለው ጠይቀውኝ አያውቁም። አንድ ቀን ቢጠይቁኝ ኖሮ እንደማልዋሻቸው አውቃለሁ። ሳይጠየቁ መናገር ነው ያቃተኝ።

በሐምሌ ዳገቱ ጭቃ ሆነ። አንድ እሑድ መካከሉ ላይ ከዘራው አዳልጧቸው በዚያው በታመመው ጉልበታቸው ወደቁ። ወደ ቤተ ክርስቲያን የሚወጡ ሰዎች ደግፈው ወደ ቤት አመጧቸው። ስደርስ ጉልበታቸው አብጦ ሱሪያቸው አልወጣ ብሎ፣ እናቴ በመቀስ ስትቀደው አገኘኋት። አባቴ ከሕመማቸው ይልቅ ያስጨነቃቸው መናኸሪያው አጥር ሥር የቀረችው ብስክሌት ነበረች። ሄጄ እየገፋሁ አመጣኋት። መንገዱን ሙሉ አለቀስሁ። ሰው ያየኝ አላየኝ ግድ አልነበረኝም።

ፍልሰታን ሙሉ ከአልጋ አልወረዱም። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ እናቴ ጉልበታቸውን ቅባት ስትቀባቸው፣ አጠገባቸው ቁጭ አልሁና ተናገርሁት።

«አባባ፣ መመሪያው አልጸደቀም።»

«ምን ማለትሽ ነው?»

«አልተፈረመበትም። ማኅተምም የለውም። መሳቢያ ውስጥ ነው ያለው።»

«መቼ አወቅሽ?» አሉ።

«በጥር።»

እናቴ የቅባቱን ክዳን ሳትገጥም አስቀምጣው ወጣች። በእኔ ላይ ያላትን ቁጣ እስከ ዛሬ በቃል አልነገረችኝም፤ አልነገረችኝም ማለት ግን በርዶላታል ማለት አይደለም። እኔ ከአባቴ የምጠብቀው ስድብ ነበር። ቢሰድቡኝ፣ ከዘራቸውን አንሥተው ቢሰነዝሩብኝ ይቀለኝ ነበር። እሳቸው ግን ያበጠውን ጉልበታቸውን በነጠላቸው ጠርዝ ሸፈኑ።

«ሌላ ሰው ያውቃል?» አሉኝ።

«መሥሪያ ቤት ያውቃሉ። ከዚያ ውጭ የሚያውቅ የለም።»

«እንግዲያ እንዳትናገሪ። ለስንቱ ነው ልጄ ጻፈችው ስል የኖርሁት። አሁን ድንገት ብስክሌቷን ከግንቡ ሥር ባቆማት ምን ይላሉ? ልጅቱ ያን ሁሉ ያነበነበችው ለካስ ለከንቱ ነው ይሉሻል።»

«ይበሉኝ፤ የሚገባኝ ነው» አልሁ። እግራቸው ላይ ወደቅሁ። ከቅዳሴ በኋላ ተነሥቼ ለሕዝቡ ልናገር አልሁ፣ በባጃጅ ልውሰድዎት አልሁ፣ ቤት ይዋሉና ንስሐ አባትዎ ይምጡ አልሁ። ሁሉንም በትዕግሥት ሰሙኝ።

«በባጃጅ ብመጣ፣ ከልጁ ሕግ ሸሸ ይባላል። ቤት ብቀር፣ የልጁ ሕግ አስቀረው ይባላል» አሉ። «ነገሩን አውጥቼ አውርጄዋለሁ። እኔ ቁሜ ማንም አይሥቅብሽም።»

ይሉኝታ የሚባለውን ነገር ድሮ እንደ ጨዋነት ነበር የማየው። አሁን ስሙን ስሰማ ያንገሸግሸኛል። አዲሱን ኃላፊ፣ ወይ ይፈርሙበት ወይ ቀደው ይጣሉትና ለሕዝብ ይነገር ብዬ ጠየቅሁት። «የትኛውን?» አለኝ። ረስቶታል። ሳስታውሰው ሣቀና፣ «ታዲያ ማን ከለከለው? የፈለገበት ያቁም» አለ። ይህን ለአባቴ ብነግራቸው ምን እንደሚሉ ስለማውቅ አልነገርኋቸውም።

በመስከረም ተነሡ። ፔዳሉን በግራ እግራቸው ብቻ እየረገጡ፣ ቀኙን አንጠልጥለው ነው አሁን የሚነዱት። መናኸሪያው አጥር ሥር ያቆማሉ፤ ከበጎቹ መካከል። ልደግፋቸው ስጠጋ «ቀድመሽ ግቢ፣ ቅዳሴው እንዳያልፍሽ» ይሉኛል፤ አብሬያቸው ከወጣሁ የደከሙ ይመስልባቸዋል። ስለዚህ ከላይ፣ ደጀ ሰላሙ ላይ ቆሜ እጠብቃቸዋለሁ። ጥቂት ይሄዱና ይቆማሉ። ሰው ሲያልፍ ሰላምታ ለመስጠት የቆሙ ይመስላሉ።

ባለፈው እሑድ ከዳገቱ መታጠፊያ ብቅ ሲሉ ሕዝቡ ነጠላውን እያስተካከለ መውጣት ጀምሮ ነበር። ቅዳሴው አልቋል። በሚወጣው ሰው መካከል እየተጋፉ መጥተው በሩን ተሳለሙ። ብስክሌቱን ከግንቡ ሥር የሚያነሣ አንድ ሰው ዞር ብሎ፣ «ዛሬስ አረፈዱ፣ ምነው?» አላቸው።

አባቴ ወደ እኔ አላዩም። «እንቅልፍ ጥሎኝ ነው» አሉት።

እናቴ ከቤት የሸኘቻቸው ገና ጎሕ ሲቀድ ነበር።