የታጠፈችው ጣት

ሐዋሳ ውስጥ ቤዝ ጊታር የሚጫወት ሰው ካጋጠማችሁ የቀኝ እጁን ሌባ ጣት ተመልከቱ። ወደ መዳፉ ታጥፋ ታገኟታላችሁ፤ ክሩን የሚመታው በአውራ ጣቱና በመሐል ጣቱ ብቻ ነው። ለምን እንደሆነ ብትጠይቁት «ስልቱ ነዋ!» ይላችኋል፤ ሙዚቃ የማያውቅ ሰው ጠየቀኝ ብሎም ይስቅባችሁ ይሆናል። ስልት አይደለም። ያቺ ጣት የታጠፈችው አምባዛ የሚባል ዓሣ ጎትቷት ነው። ስልት ነው ብዬ ያስተማርኳቸውም እኔ ነኝ።

የጣቷ ባለቤት ጓደኛዬ ነበር። ሐይቁ ዳር ያለችው የቡሹሎ ልጅ ነው፤ አባቱ ዓሣ አጥማጅ። በልጅነቱ የመንጠቆውን ክር ጣቱ ላይ ጠምጥሞ ሲጠብቅ ትልቅ አምባዛ ተያዘና ክሩ ጅማቱን በጠሰው። ቁስሉ ዳነ፣ ጣቷ ግን ታጥፋ ቀረች። ቤዝ የለመደው ጸሎት ቤት ውስጥ ነው። ወደ አገሩ የተመለሰ አንድ ሚሲዮናዊ ለመዘምራኑ ቀይ ቤዝ ጊታር ትቶላቸው ነበር፤ ያቺን ጊታር ከእሱ በቀር ደፍሮ ያነሣት አልነበረም።

ከዚያ ደርግ ጸሎት ቤቱን አሸገው። አግዳሚ ወንበሮቹ ለቀበሌ አዳራሽ፣ አምፕሊፋየሩና ጊታሯ ለእኛ ለኪነት ቡድኑ ተሰጡ። ዕቃው በጭነት መኪና በመጣ በሁለተኛው ቀን እሱም በእግሩ መጣና «ቤዝ እችላለሁ» አለ። እውነቱን የነገረኝ ከተላመድን በኋላ ነው። ሁለት የጸሎት ቤቱ ሽማግሌዎች ጠርተው «ጊታሯ አደራህ ናት፣ ጸሎት ቤቱ የተከፈተ ቀን ትመልሳታለህ» ብለውታል። አደራ ጥብቅ ሰማይ ሩቅ። ከእሷ ላለመለየት ሲል ስለ ምርት ዘመቻ ይጫወታል። ሌላው ምእመን ይህን ስለማያውቅ «ዓለም ወሰደችው» አለ፤ እናቱ እንኳ ሰላምታ ነፈገችው። የእኔ እናት ደግሞ በበኩሏ «ከጴንጤ ጋር ምን አጎዳኘህ?» ትለኝ ነበር። አባቴ ከሰሜን በመንግሥት ሥራ ተዛውሮ የመጣ ሰው ነው፤ ቤታችን በጾምና በታቦት የሚተዳደር። እንዲህ ሁለታችንም ከየቤታችን ተወቅሰን ነበር ልምምድ የምንገባው።

ፈንክ የሚባለውን ነገር ያመጣልን አንድ የአዲስ አበባ መስመር ሾፌር ነው። ካሴቱን ክሩ እስኪላላ አዳመጥነው። ሌላ ቤዝ ተጫዋች በሌባ ጣቱና በመሐል ጣቱ እያፈራረቀ ይሄዳል፤ ካሴቱ ላይ ያለው ሰው ግን ወፍራሙን ክር በአውራ ጣቱ እየደለቀ ቀጭኑን በመሐል ጣቱ ይፈለቅቃል። እኛ በጤነኛ እጃችን ወር ሙሉ ታግለን ያቃተንን እሱ ሁለት ጊዜ ሰምቶ ተጫወተው። ሌባ ጣቱ አልታዘዝ ስላለችው ከመጀመሪያውም በአውራ ጣቱ ነበር የሚመታው። ስለ እርሻ በሚያወራ መዝሙር ሥር ያንን ድለቃ ሲያስገባበት፣ እርሻ አይቶ የማያውቀው የሐዋሳ ፒያሳ ሰው ሁሉ ትከሻው አልቀመጥ ይለዋል። እሑድ ከሰዓት ሐይቁ ዳር ባለው ሆቴል ግቢ ስንጫወት ሰዉ ከመግባቱ በፊት «ቆልማማው አለ?» ብሎ ይጠይቃል። ከዲላና ከሻሸመኔ ቤዝ ተጫዋቾች መጥተው ከፊት ይቀመጡና ዓይናቸውን ከእጁ አይነቅሉም ነበር። እኔ ከጎኑ ሊድ ጊታር ነበርኩ። ቆንጆ አድርጌ ነበር የምጫወተው፤ ማንም ግን ነግሮኝ አያውቅም።

ቅዳሜ ጠዋት ሂስና ግለ ሂስ አለን። ያንን ዘመን ላልኖረበት ላስረዳ፤ ክብ ሠርተን እንቀመጣለን፣ የቀበሌው ካድሬ ደብተሩን ይከፍታል፣ እያንዳንዱ ሰው መጀመሪያ የጓዱን ጥፋት ከዚያ የራሱን ይናገራል። ጥፋት አላየሁም ማለት ራሱ ጥፋት ነው። ስለዚህ ዓርብ ከልምምድ በኋላ ቀለል ቀለል ያለ ጥፋት እንከፋፈል ነበር። ድራም መቺው ስንፍና ይወስዳል፣ ዘፋኟ ኩል ማብዛት ትወስዳለች፤ ልክ እንደ ዕቁብ በየተራ። እኔና እሱ የማይለወጥ ውል ነበረን። እኔ «ያረፍዳል» እለዋለሁ፣ እሱ «ሲጃራ ያበዛል» ይለኛል። ካድሬው ይጽፋል፣ እኛ እናርማለን እንላለን፣ ወጥተን ሻይ እንጠጣለን።

አንድ እሑድ ከአዲስ አበባ አንድ የባህል ኃላፊ መጡ። ዝግጅቱ ሲያበቃ መድረክ ላይ ወጥተው የእሱን እጅ በሁለት እጃቸው ጨበጡ፣ ጣቱን ገልብጠው አዩ፣ ሳቁ፣ ተደነቁ። እኔም ለመጨበጥ እጄን አዘጋጅቼ ቆሜ ነበር። ዞር ሲሉ አዩኝና «ሽቦውን ጠቅልለው» አሉኝ። ዕቃ ተሸካሚ መስያቸው ነው። ሽቦውን ጠቀለልኩ። ስድስት ቀን ሙሉ ግን ያቺን ቃል ለራሴ ስደጋግም ሰነበትኩ። ቅናት ነው፤ ሌላ ስም አልፈልግለትም።

ቅዳሜ ተራዬ ሲደርስ ተነሣሁና «ጓዶች፣ የጓዳችን ቤዝ የመዝሙሩን ቃል እየዋጠው ነው። ሕዝቡ ይጨፍራል እንጂ መልእክቱን አይሰማም» አልኩ። የፈለግሁት እሱ ድምፁን ዝቅ እንዲያደርግና የእኔም ጊታር እንዲሰማ ብቻ ነበር። እምላለሁ፤ መሐላዬን የሚፈልገው ካለ።

ካድሬው ቀና አለ። «እስቲ ድገመው፣ ጓድ።»

እዚህ ላይ መመለስ እችል ነበር። «ማለቴ ያረፍዳል» ብዬ ነገሩን ማድበስበስ እችል ነበር። ደገምኩት። እንዲያውም ሁለተኛው ከፊተኛው አማረልኝ። ካፍ ከወጣ አፋፍ ይባላል፤ እኔ ሁለቴ አወጣሁት።

ቀጥሎ የእሱ ተራ ሆነ፣ የእኔን ጥፋት ሊናገር። ብዙ ያውቅብኝ ነበር። በሊቀ መንበሩ ፎቶ የቀለድኩትን ያውቃል፣ በሬን ዘግቼ የማዳምጠውን የተከለከለ ሬዲዮ ያውቃል። አንዷን ቢናገር የት እንደምወድቅ እኔም እሱም እናውቃለን። ጥቂት አየኝና «ጓዱ ሲጃራ ያበዛል» ብሎ ተቀመጠ።

ካድሬው «ይህን አመታት ከየት ተማርከው?» አለው። ከካሴት ነው ቢል ሾፌሩ ሊጠየቅ ነው። ውሸትም አያውቅበትም። «ጸሎት ቤት ነው የለመድኩት» አለ። ካድሬው ረጅም ጊዜ ጻፈ። አመታቱ አድኃሪ፣ ምንጩም አጠራጣሪ ተባለና ጊታሯ ለንቁው ጓድ፣ ለእኔ ማለት ነው፣ እንድትሰጥ ተወሰነ። እሱ ራሱ ትከሻዬ ላይ አጠለቃት። እኔ አጭር ስለሆንኩ ማንጠልጠያዋን ለቁመቴ አሳጠረልኝ።

«ለምን ያረፍዳል አላልክም?» አለኝ ቀስ ብሎ። «ተስማምተን ነበር እኮ።»

እኔ ማንጠልጠያዋን እነካካ ጀመር። «አደራ» ብሎኝ ወጣ።

ወር ሳይሞላው ስሙ ለብሔራዊ ውትድርና ከተመዘገቡት መካከል ተጠራ። ምላጭ የሚሳበው በየትኛው ጣት እንደሆነ ሁሉም ያውቃል። ጣቱን አውጥቶ ቢያሳያቸው «ቤዝ የደለቀች እጅ ምላጭ አያቅታትም» ብለው ሳቁበት። ወደ ሰሜን ጫኑት።

የመጀመሪያው እሑድ ቤዙን አንግቼ ስወጣ ሕዝቡ «ቆልማማው የታለ?» እያለ አጉረመረመ። ጣቴን አጠፍኳት። አጨበጨቡልኝ። ያንኑ ድለቃ፣ እሱ የተባረረበትን ድለቃ፣ አንድ ሳላስቀር ነበር የተጫወትኩት፤ ካድሬው መጥቶ «አሁን መልእክቱ ይሰማል» አለኝ። እያደር ታወቅሁ። የየቀበሌው ቤዝ ተጫዋች ለሥልጠና ወደ እኔ ይላክ ጀመር። ጣታችንን ለምን እናጥፋለን ሲሉኝ «ስልቱ ነው» እላለሁ። እነሱም ሄደው ሌላውን እንዲሁ አስተማሩ። ስሙን ግን ለአንዳቸውም ጠርቼ አላውቅም።

ደርግ ሊወድቅ አንድ ዓመት ሲቀረው ከግንባር ተመለሰ። አንድ ጆሮውን መድፍ ጨርሶ ወስዶታል፣ ሌላው ካልጮኹበት አይሰማም። አሞራ ገደል በሚባለው የሐይቁ ዳር ገበያ ዓሣ እያጸዳ መኖር ጀመረ። እኔ ዓመቱን ሙሉ እንዳላገኘው ስል መንገድ እያሳበርኩ ከረምኩ። በመጨረሻ ደርግ ወደቀና ጸሎት ቤቱ ሊከፈት ነው ተባለ፤ መሸሻ አጣሁ። ጊታሯን በከረጢቷ ይዤ ሄድኩ።

ቢላዋውን እንደያዘ ቀና አለ። ይቅርታዬን ስንት ጊዜ እንደተለማመድኩ እኔ ነኝ የማውቀው።

«ሲጃራ ተውክ?» አለኝ፤ እንደማይሰማ ሰው ጮክ ብሎ።

በይቅርታው ፈንታ ከረጢቱን ከፍቼ ጊታሯን ሳሳየው ፊቱ በራ፤ አልነካትም ግን። «እጄ ዓሣ ነው፣ ትቆሽሻለች። አንተው አድርሳት። እሑድ ደግሞ ና።»

አደራውን የሰጡት ሁለቱ ሽማግሌዎች ሞተዋል። ጊታሯን የተቀበሉኝ አዲሶቹ «ይህን ሁሉ ዘመን የጠበቅሃት አንተ ነህ?» አሉኝ። አዎም አላልኩ፣ አይም አላልኩ። እጃቸውን ጭነው መረቁኝ።

እሑድ ሄድኩ። እሱ የተቀመጠው ከኋላ በመጨረሻው አግዳሚ ላይ ነበር፤ ለሰዉ ዛሬም ዓለም ወስዳው የነበረ ሰው ነው። ከጎኑ ተቀመጥኩ። መዘምራኑ ተነሡ። ቀይዋን ቤዝ የያዘችው አንዲት ወጣት ናት፤ የተማሪዬ ተማሪ። ወፍራሙን ክር በአውራ ጣቷ ደለቀችው፣ ቀጭኑን ፈለቀቀችው፣ አዳራሹ ሞቀ። እሱ አይሰማም። እጇን ብቻ ነበር የሚያየው። ድንገት ክንዴን ያዘኝ።

«ምስኪን!» አለ፣ ሰዎች እስኪዞሩ ድረስ። «እሷንም የመንጠቆ ክር ጅማቷን በጥሶባት ነው?»

የምነግረው ቀላል ነገር ነበር። ጣቷ ደህና ናት፣ የምትመታው ያንተን ነው፣ ከዚህ እስከ ዲላ ያለው ቤዝ ተጫዋች ሁሉ ጣቱን የሚያጥፈው ያንተን እጅ ለመምሰል ነው። ይህን ካልኩት ግን ማን እንዳስተማራቸው ይጠይቀኛል፣ ስሙን ያውቁ እንደሆነም ይጠይቀኛል።

አዎ ብዬ ራሴን ነቀነቅሁለት።

ከንፈሩን መጠጠ። ከዚያ የታጠፈችውን ጣቱን በሌላ እጁ ሸፈነና፣ ጉባኤው እየዘመረ፣ ጎንበስ ብሎ ለልጅቷ ጣት ይጸልይላት ጀመር።