በወኪሉ ስልክ ላይ የሌለ ቃል

«ጽሑፉ አያምርም መች አልኩህ» አለ ወንድሜ። «ያምራል። ለሰዎቹ ሁለት ጊዜ አነበብኩላቸው። ውሃውን ግን አላሳየንም።»

«ካርታውን አስቀድማችሁ አውርዱ ብዬ ጽፌያለሁ፣ አያ።»

«የት ላይ?»

ስልኩን ተቀብዬ መመሪያውን ወደ ታች ገፋሁት፣ ገፋሁት። አራተኛው አንቀጽ ላይ ነበር። ከሱ በላይ ያለው ሁሉ የእኔ አማርኛ ነው።

የምንከራከረው ገዳሪፍ ገበያ ውስጥ፣ ስልክ በምጠግንባት ጠባብ ክፍል ነበር። እኔን አክስቴ በልጅነቴ ወደ ሱዳን ይዛኝ መጥታ እዚሁ አደግሁ። ታላቅ ወንድሜ ግን በየዓመቱ በመተማ ተሻግሮ፣ ከመፋዛ ከተማ ወዲያ ሰሊጥ አጭዶ የሚመለስ ሰው ነው። አረብኛው ከሰላምታና ከዋጋ አያልፍም።

የምንጣላበት ፕሮግራም ያለ ኔትወርክ የሚሠራ ካርታ ነው። በየአገሩ ያሉ ሰዎች በነጻ ይሠሩታል፤ ኮዱ ክፍት ስለሆነ የፈለገ ገብቶ ይጨምርበታል። እኔ ኮድ አልችልም። የአማርኛ መመሪያ እንደሌለው ሳይ ግን ቁጭ ብዬ ጻፍኩ። «አገሩን በመዳፍህ ይዘህ ትሄዳለህ» ብሎ ይጀምራል። የአማርኛ ገጾቹን የሚያዩት በጎ ፈቃደኛ «ግሩም ነው» ብለው አሳለፉት። ግጥሞቼን ለዓመታት በየቦታው ልኬ መልስ አግኝቼ አላውቅም። ያቺን ግሩም ስንት ጊዜ እንዳነበብኳት አልናገርም።

ወንድሜና ጓደኞቹ ማሳው ሲደርሱ ኔትወርክ የለም፤ ካርታው ባዶ ነጭ ሆነባቸው። የዝናብ ውሃ የሚጠራቀምበትን ሐፊር ፍለጋ ግማሽ ቀን በተሳሳተ መንገድ ሄዱ። አንዱ በውሃ ጥም ወድቆ ተሸክመውት ተመለሱ። ሰውየው ተርፏል። ወንድሜ ይህን ሲነግረኝ ድምፁን ከፍ አላደረገም፤ ቢጮህብኝ ይሻለኝ ነበር። ወደ ማሳው የሚያመላልሳቸው ሎሪ ደግሞ በዚያው በተከራከርንበት ዕለት ከቀትር በኋላ መልሶ ሊወስዳቸው ነው።

እኔው አውርጄለት እንዲሄድ ነገርኩት።

«አንተ እዚህ ነህ» አለኝ። «ነገ ወኪሉ ሌላ ስልክ ቢሰጠን ማን ያወርድልናል? ራሴ ልቻለው።»

ስልኩ የባለ እርሻው ወኪል ለአጫጆቹ የሚያውሳቸው ነው። አንድ ስልክ ለሁሉም።

ማውረዱን ከመግቢያዬ ሥር አምጥቼ በቁጥር በቁጥር ጻፍኩና ሰጠሁት። ሳላግዘው ይሞክረው ብዬ ተቀመጥኩ። ከንፈሩን እያንቀሳቀሰ አነበበ፣ ስክሪኑን አየ፣ መልሶ አነበበ።

«‹አውርድ› የሚለውን ንካ ይላል። የታለ?»

ጠቆምኩት።

«ይሄማ አረብኛ ነው።»

እውነቱን ነው። ገዳሪፍ የሚሸጠው ስልክ ሁሉ የሚናገረው አረብኛ ነው። እኔ በአረብኛ እያነበብኩ በአማርኛ ጽፌ፣ ከቋንቋ ቋንቋ መሻገሬን እንኳ አላስተዋልኩም። ስክሪኑ ላይ በሌሉ ቃላት ሰው ስመራ ነበር። የስልኩን ቋንቋ ልቀይር እጄን ስሰድ ያዘኝ። ወኪሉ ስልኩ በማያነበው ፊደል ተሞልቶ ከተመለሰለት ሁለተኛ አይሰጠንም አለ።

«ታዲያ ምን ብዬ ልጻፈው?»

«ምን ትመስላለች?»

«ወደ ታች የምታይ ቀስት ናት። ከሥሯ አጭር መስመር አለ።»

«እንደሱ በል እንጂ። ገጣሚ ነኝ ትል የለም?»

እያንዳንዱን የሚነካ ምልክት በመልኩ ጻፍኩ፤ ቀስቷን፣ ሦስቱን ነጥብ፣ ጥግ ላይ ያለውን ክብ። በሕይወቴ እንደዚያ ቀን ነገርን አተኩሬ አይቼ አላውቅም። ጨርሼ ሳነበው መግቢያዬ ከላይ ተጎልቷል። ቀስቷን ወደ ታች ገፍቶ ከዓይን ያርቃታል። አጠፋሁት።

ወንድሜ እንደገና ከመጀመሪያው ጀመረ። ሳይጠይቀኝ አወረደ። ኔትወርኩን አጠፋሁበት፤ ራሃድ ወንዝ፣ መፋዛ፣ ከዚያም ወዲያ ሐፊሩ በሰማያዊ ነጠብጣብ ወጡ። ጣቱን ነጠብጣቡ ላይ አደረገ።

«ያቺ ‹በመዳፍህ› የምትለዋስ?»

«አወጣኋት።»

«ሰዎቹ ወደዋት ነበር» አለ።

ውጭ የሎሪው ጥሩምባ ሁለት ጊዜ ጮኸ። ስልኩን ደረት ኪሱ ከትቶ ቁልፉን ቆለፈና አዲሱን ጽሑፍ ካርታውን ለሚሠሩት ሰዎች ሳልውል ሳላድር እንድልከው አዘዘኝ። እሺ አልኩት። ጎንበስ ብሎ ወጣ፤ የቆርቆሮው በር ከኋላው ተዘጋ።